የፓቲንግ ምታችሁን በቤት ውስጥ ለክታችሁ በቅደም ተከተል የምታርሙበት ዝርዝር መመሪያ

ፓቲንግን (ኳሷን አንከባልሎ ወደ ጉድጓዱ የማስገባት ምትን) የሚለካ ሴንሰር ገዝተው ወይም አፕ ጭነው ስምንት ዘጠኝ ቁጥር በአንዴ የሚያዩ፣ ሁሉንም በአንድ ሳምንት ለማስተካከል የሚታገሉ ጎልፈኞች ብዙ ናቸው። ከወር በኋላ ቁጥሩ ያምራል፤ ኳሷ ግን አሁንም በጉድጓዱ ቀኝ በኩል ታልፋለች። ስህተቱ የሚጀምረው ከቅደም ተከተሉ ነው። ማነጣጠራችሁ ሳይለካ የዱላውን መንገድ (በምት ጊዜ የሚሄድበትን መስመር) ማረም ማለት መሠረቱ የተንጋደደን ግድግዳ በልስን ለማቃናት መሞከር ነው።

ስለዚህ ከታች ያለውን ቅደም ተከተል አትዝለሉ፦ መጀመሪያ ማነጣጠር፣ ቀጥሎ የኳሷ አነሳስ (ስትመታ የምትነሳበት አቅጣጫ)፣ ከዚያ ኳሷ የፓተሩን (የፓቲንግ ዱላውን) ፊት የምትነካበት ነጥብ፣ ከዚያ ፍጥነት። የዱላው መንገድ መጨረሻ ላይ ነው። ካዛንቺስ ወይም ፒያሳ ሥራ እየዋለ አሮጌ አየር ማረፊያ አካባቢ ወዳለው የጎልፍ ሜዳ በሳምንት አንዴ ብቻ የሚደርስ ሰው አብዛኛውን ልኬት በኮሪደር ላይ መጨረስ ይችላል።

## ከመጀመራችሁ በፊት

### የምታዘጋጁት

- ጸጉሩ አጭርና ጠንካራ የሆነ ምንጣፍ፣ ርዝመቱ ቢያንስ 3 ሜትር፣ ስፋቱ 50 ሳንቲ ሜትር
- የግንበኛ ውሃ ልክ (60 ሳንቲ ሜትር)፣ ሜትር፣ ሲባጎ
- ሦስት ትልልቅ ባትሪ ድንጋይ (ለእጅ ባትሪ የሚሆነው ወፍራሙ)
- ለስብሰባ ማሳያ የሚጠቀሙበት ትንሽ ሌዘር
- መስታወት ቆራጭ ዘንድ የተቆረጠ 3 በ3 ሳንቲ ሜትር መስታወት፣ ባለ ሁለት ፊት ፕላስተር
- 40 በ40 ሳንቲ ሜትር ካርቶን፣ ጠመኔ፣ ማስመሪያ
- አንድ ዓይነት የሆኑ 5 ኳሶች
- 1 ሜትር የአሉሚኒየም አንግል። መስኮትና በር የሚሠሩ ቤቶች ቁራጭ አያጡም፤ ካልሆነም ምናለሽ ተራ ይገኛል።
- በስሎ ሞሽን የሚቀርጽ ስልክ
- ደብተር። ይህን አትናቁ፤ ያልተጻፈ ልኬት በማግስቱ የለም።

### ወለሉን ፈትሹ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሊሾም ይሁን ሴራሚክ፣ ለዓይን ደልዳላ የሚመስል ወለል ኳስን ወደ ጎን ሊወስድ ይችላል። በረንዳ ላይ ደግሞ ጭራሽ አትሞክሩ፤ ውሃ እንዲወርድበት ሆን ተብሎ ያዘነበለ ነው።

1. ውሃ ልኩን ኳሷ በምትሄድበት መስመር ላይ አግድም አስቀምጡ። በየ50 ሳንቲ ሜትሩ ድገሙት።
2. አረፋው መሐል ካልሆነ ዝቅ ካለው ጫፍ ሥር የባንክ ካርድ አስገቡ። የአንዱ ካርድ ውፍረት 0.76 ሚሊ ሜትር ነው። አንድ ካርድ አረፋውን መሐል ካመጣው ቦታው ይሠራል። ሁለት ካርድ ካልበቃው ሌላ ቦታ ፈልጉ።
3. የአሉሚኒየም አንግሉን እንደ ቦይ ወደ ላይ ክፍት አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ አንዱን ጫፍ በመጻሕፍት ወደ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጉ። ኳሷን ሁልጊዜ ከአንድ ምልክት ልቀቁ። ቀስ ብላ 2 ሜትር ገደማ ሄዳ የምትቆምበትን ምልክት ፈልጉና በእስክሪብቶ አስምሩ።
4. ከዚያው ምልክት 5 ጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ 5 ጊዜ ወደ ተቃራኒው ልቀቁ። በሁለቱም አቅጣጫ ወደ አንድ ግድግዳ ካጠፈች ወለሉ ያዘነብላል። ርዝመቷ ብቻ ከተለያየ ደግሞ የምንጣፉ ጸጉር የተኛበት አቅጣጫ ነው፤ ይህ ችግር የለውም፣ ግን ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ምቱ።

## ደረጃ 1፦ ማነጣጠር

የፓተሩ ፊት ምት ከመጀመሩ በፊት የት ነው የሚያየው? በዓይን ማወቅ አይቻልም። ሌዘርና መስታወት ግን ያሳያሉ። ምክንያቱም መስታወት ስህተቱን እጥፍ አድርጎ ይመልሰዋል፤ ፊቱ 1 ዲግሪ ሲዞር ጨረሩ 2 ዲግሪ ይዞራል።

ጥንቃቄ፦ ጨረሩ ከመስታወቱ ተመልሶ ትንሽ ወደ ላይ ይወጣል። ረዳታችሁ ከካርቶኑ ጀርባ ወይም ጎን ይቀመጥ፤ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ ወደ ፓተሩ አይመልከት። ልጆችን ከክፍሉ አስወጡ።

1. ኳሷ የምትቀመጥበትን ነጥብ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። ከዚያ በትክክል 2 ሜትር ርቀት ላይ ካርቶኑን አቁሙ።
2. ካርቶኑን ከምንጣፉ 2 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ብሱት፤ ሌዘሩን ከኋላ አምጥታችሁ በቀዳዳው አስወጡት። ጨረሩ ከምንጣፉ ጋር ትይዩ ይሁንና ምልክቱ ላይ ያለችውን ኳስ መሐሏን ይምታ። ከዚያ አጥፉት።
3. መስታወቱን በፓተሩ ፊት መሐል በባለ ሁለት ፊት ፕላስተር ለጥፉ። ጥርት ብሎ መለጠፍ አለበት፤ በአንድ ጥግ ፕላስተሩ ከታጠፈ ልኬቱ ሁሉ ውሸት ነው።
4. እንደ ሁልጊዜው ቁሙ፣ ቀዳዳውን ጉድጓድ ነው ብላችሁ አነጣጥሩ፣ ስትጨርሱ «እሺ» በሉ። አትንቀሳቀሱ።
5. ረዳቱ ኳሷን ከጎን ያንሳ፣ ሌዘሩን ያብራ፣ ብርሃኑ ካርቶኑ ላይ ያረፈበትን ቦታ በእርሳስ ያስምርና ቁጥር ይስጠው። ለእናንተ አይንገራችሁ። እያያችሁ ካረማችሁ የምትለኩት ሌላ ነገር ነው።
6. ሙሉ በሙሉ ከቦታው ወጥታችሁ እንደገና ግቡ። 10 ጊዜ።

አነባበብ። ምልክቱ ከቀዳዳው ቀጥታ በላይ ካረፈ ማነጣጠሩ ትክክል ነው። 35 ሚሊ ሜትር ወደ ጎን ማለት ፊቱ ግማሽ ዲግሪ ዞሯል፣ 70 ሚሊ ሜትር ማለት 1 ዲግሪ። ከፍታው ደግሞ ሎፍቱን (ፊቱ ወደ ላይ ያዘነበለበትን ልክ) ይነግራችኋል፦ ከቀዳዳው 210 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ ካረፈ 3 ዲግሪ ነው። እሱን ጽፋችሁ አስቀምጡ፤ ደረጃ 5 ላይ ያስፈልጋል።

አሁን አሥሩን ምልክቶች አንድ ላይ እዩ። ለምሳሌ የአንዱ ሰው ምልክቶች በሙሉ ከ60 እስከ 80 ሚሊ ሜትር ወደ ቀኝ ተጠጋግተዋል። የሌላው ከ90 ግራ እስከ 90 ቀኝ ተበትነዋል፤ አማካያቸው ዜሮ ነው። አፑ ሁለተኛውን ያሞግሰዋል፤ በእውነቱ ግን ቶሎ የሚድነው የመጀመሪያው ነው። አንድ ዓይነት ስህተት አንድ መድኃኒት ይበቃዋል። ስለዚህ በዚህ መመሪያ ውስጥ ሁሉ መጀመሪያ ብትኑን፣ ቀጥሎ አማካዩን እዩ።

ሲበላሽ፦

- *ሁሉም ወደ አንድ ጎን ከሄደ፦* ኳሷን ከእግራችሁ 2 ሳንቲ ሜትር አርቁ ወይም አቅርቡና እንደገና 10 ለኩ። ዓይናችሁ ከኳሷ መስመር አልፎ ወደ ውጭ ሲወጣ ወይም ወደ ውስጥ ሲገባ ቀጥታ የምትሉት መስመር ይቀየራል። ካልተለወጠ በፓተሩ አናት ላይ በፕላስተር ቀጭን ነጭ መስመር ሥሩ ወይም ያለውን ሸፍኑ፤ አንዳንድ ዓይን መስመር ይረዳዋል፣ አንዳንዱን ያሳስተዋል።
- *ከተበተነ፦* አቋቋማችሁ በየጊዜው እየተለያየ ነው። ከኳሷ ጀርባ ቁሙ፣ ከኳሷ ፊት 20 ሳንቲ ሜትር ላይ አንድ ነጥብ ምረጡ፣ መጀመሪያ ፊቱን ለዚያ ነጥብ አስተካክሉ፣ እግራችሁን ከዚያ በኋላ አስገቡ። እግር ቀድሞ ከገባ ፊቱ እግሩን ይከተላል።

አሥሩም ከ35 ሚሊ ሜትር ውስጥ እስኪገቡ ወደ ሚቀጥለው አትለፉ። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ሊወስድ ይችላል፤ ይውሰድ።

## ደረጃ 2፦ የኳሷ አነሳስ

ጉድጓዱ 108 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፤ የኳሷ መሐል ከጠርዙ ውስጥ መድረስ አለበት። ስለዚህ በደልዳላ ቦታ፣ ኳሷ ቀስ ብላ ስትደርስ እንኳ፣ የሚፈቀድላችሁ ስህተት በ1 ሜትር ወደ 3 ዲግሪ፣ በ2 ሜትር 1.5፣ በ3 ሜትር 1፣ በ6 ሜትር ግማሽ ዲግሪ ነው። ፈጥና ከደረሰች ከዚህም ይጠባል። እዚህ የምንፈልገው 1 ዲግሪ ነው።

1. መስታወቱን አንሱ። ተለጥፎ እያለ ኳስ አትምቱ፣ ይሰበራል።
2. ከኳሷ መሐል 50 ሳንቲ ሜትር ፊት ለፊት ሁለት ባትሪ ድንጋይ አቁሙ። በመካከላቸው ሦስተኛውን አጋድሙና ሁለቱን አስጠግታችሁ ክፍተቱን በሱ ለኩ። የትልቁ ባትሪ ርዝመት 61.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ የኳሷ ስፋት 42.7። በሁለቱም በኩል የቀረው ክፍተት በግምት 1 ዲግሪ ይሰጣችኋል። የተጋደመውን አንሱት።
3. በሩ (በሁለቱ ባትሪዎች መካከል ያለው ክፍተት) በትክክል መስመሩ ላይ መሆኑን በአሉሚኒየም ቦዩ ኳስ ለቅቃችሁ አረጋግጡ።
4. 20 ኳስ ምቱ። ለእያንዳንዱ «አለፈ»፣ «ግራ»፣ «ቀኝ» ብላችሁ ጻፉ።

ኳሷ የምትነሳበትን አቅጣጫ ከ80 እስከ 90 በመቶ የሚወስነው ፓተሩ ኳሷን በሚነካበት ቅጽበት ፊቱ ያለበት ሁኔታ ነው። የዱላው መንገድ የሚቀረውን ነው የሚወስደው። ስሌቱን ተመልከቱ፦ ፊቱ ቀጥ ብሎ መንገዱ 3 ዲግሪ ወደ ግራ ቢሄድ ኳሷ በግማሽ ዲግሪ ገደማ ብቻ ትስታለች፤ በሩን ታልፋለች። መንገዱ ቀጥ ብሎ ፊቱ 2 ዲግሪ ቢከፈት ግን ወደ 1.7 ዲግሪ ትስታለች፤ ባትሪውን ትመታለች። ለዚህ ነው አፑ ስለ መንገዱ በቀይ ሲጮህ ለጊዜው አትስሙት የምንለው።

ሲበላሽ (ለቀኝ እጅ ተጫዋች የተጻፈ ነው፤ ግራ እጅ የሆነ ያገላብጠው)፦

- *አብዛኛው ቀኝ ከሆነ፦* ፊቱ ሳይመለስ ነው ኳሷን የሚነካው። የሁለቱን እጆች አያያዝ አላሉ፤ ከጨበጣችሁት በኋላ ክንዳችሁ ላይ ጅማት ከወጣ ጠብቋል። ወደ ኋላ የምትስቡትን ርዝመት በሩብ ቀንሱ።
- *አብዛኛው ግራ ከሆነ፦* ቀኝ እጅ መጨረሻ ላይ ይገፋል። ለ10 ኳስ በግራ እጅ ብቻ ምቱ፣ ከዚያ ቀኙን ሳታጠብቁ መልሱ።
- *ግራም ቀኝም እኩል ከሆነ፦* ከምት በኋላ ፓተሩን ባለበት አቁማችሁ 2 ሰከንድ ቆዩ። መቆም ካቃታችሁ ምታችሁ መሐል ላይ እየተቀየረ ነው። ርቀቱን ወደ 1 ሜትር አውርዱና እስኪረጋ ቆዩበት።

ከ20 ውስጥ 16 ሲያልፉ ቀጥሉ።

## ደረጃ 3፦ ኳሷ ፊቱን የምትነካበት ነጥብ

መጀመሪያ የፊቱን እምብርት ፈልጉ። አናቱ ላይ ያለው መስመር ሁልጊዜ እሱን አያሳይም። ፓተሩን ከእጀታው ጫፍ በሁለት ጣት አንጠልጥሉ፤ በሌላው እጅ በላጲስ ፊቱን ከጫፍ ወደ ተረከዝ (ለእግራችሁ ወደሚቀርበው ወገን) እያለፋችሁ ቀስ ብላችሁ ምቱ። አብዛኛው ቦታ ላይ ፓተሩ ይጠመዘዛል። አንድ ቦታ ላይ ሳይጠመዘዝ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ እጃችሁም ላይ ምንም ንዝረት አይሰማችሁም። እዚያ ላይ ምልክት አድርጉ።

1. ፊቱን በጠመኔ ቀቡ፣ 5 ኳስ ምቱ፣ ክብ ክብ አሻራዎቹን በማስመሪያ ከምልክቱ ለኩና ጻፉ። ጠርጋችሁ ሁለት ጊዜ ድገሙ።
2. 15ቱም ከእምብርቱ በ5 ሚሊ ሜትር ውስጥ መሆን አለባቸው።

ከዚያ ሲወጣ ሁለት ነገር ይሆናል፦ ኳሷ ፍጥነት ታጣለች፣ ፊቱም ይዞራል። «ዛሬ ግሪኑ (ጉድጓዱ ያለበት አጭር ሣር) ከበደኝ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው። ወደ ጫፉ ከሆነ ከኳሷ ርቃችኋል ወይም በምት ጊዜ ቀና ትላላችሁ። ወደ ተረከዙ ከሆነ ተጠግታችኋል ወይም ክብደታችሁ ወደ ጣታችሁ ዘምሟል። ማረሚያው፦ ከፓተሩ ጫፍና ተረከዝ ውጭ 1 ሳንቲ ሜትር እየተዋችሁ ሁለት የለስላሳ ቆርኪ አስቀምጡ፤ ሳትነኩ አሳልፉ።

## ደረጃ 4፦ ቴምፖና ርቀት

ቴምፖ የምቱ የጊዜ አካሄድ ነው። ፓተሩ ወደ ኋላ የሚሄድበት ጊዜ ወደፊት መጥቶ ኳሷን እስኪነካ ካለው ጊዜ ሁለት እጥፍ ገደማ ነው፤ ጥሩ ተጫዋቾች ዘንድ በግምት 0.6 እና 0.3 ሰከንድ።

1. ስልኩን ከምቱ መስመር ጎን 1.5 ሜትር ርቀት ላይ በመጻሕፍት አቁሙ፤ ሌንሱ በፓተሩ ራስ ከፍታ ይሁን።
2. ቀን፣ መስኮት አጠገብ ቅረጹ። በአምፖል ብርሃን የተቀረጸ ስሎ ሞሽን ብልጭ ድርግም ይላል፤ መብራታችን በ50 ኸርዝ ስለሆነ አምፖሉ በሰከንድ 100 ጊዜ ይደበዝዛል። ዓይን አያየውም፣ ካሜራው ግን ያየዋል።
3. በሰከንድ 240 ምስል ላይ አድርጉ። ሲታይ 8 እጥፍ የዘገየ ስለሆነ በሌላ ስልክ ሰዓት ያዙበት፦ ወደ ኋላው 4.8 ሰከንድ፣ ወደፊቱ 2.4 ሰከንድ አካባቢ ይምጣ። ስልካችሁ 4 እጥፍ ብቻ የሚያዘገይ ከሆነ 2.4 እና 1.2 ነው።
4. አንድ ምት ለ1 ሜትር፣ አንድ ለ3 ሜትር ቅረጹ። የሁለቱ ጊዜ መቀራረብ አለበት። የሚለወጠው የምቱ ርዝመት ነው። ረጅም ምት ላይ ጊዜውም የሚረዝም ከሆነ ፓተሩ ኳሷ ጋ ሲደርስ ይደክማል፤ ትገፉታላችሁ፣ ርቀቱም ከእጃችሁ ይወጣል።

ጊዜው ካልተረጋጋ ሜትሮኖም አፕ በደቂቃ 100 ምት ላይ አድርጉ፤ በሁለቱ ምቶች መካከል 0.6 ሰከንድ አለ። በአንዱ ጀምሩ፣ በሚቀጥለው ጫፍ ድረሱ። ወደፊቱን አታስቡት፣ ራሱ ይመጣል።

ቀጥሎ 2.5 ሜትር ላይ በጠመኔ መስመር አስምሩና 10 ኳስ እሱ ላይ ለማቆም ምቱ። በቅርቡና በሩቁ መካከል ያለውን በሜትር ለኩ። ከ50 ሳንቲ ሜትር በታች ሲሆን ጥሩ ነው። ሜዳ ላይ የምትፈልጉት ጉድጓዱን ብትስት ከ30 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር አልፋ የምትቆም ኳስ ነው።

## ደረጃ 5፦ መንገድ፣ መዞርና ሎፍት

የፓተር ዱላ ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ ያዘነብላል። ስለዚህ የፓተሩ ራስ ወደ ኋላ ሲሄድ በትንሹ ወደ ውስጥ መታጠፉ፣ ፊቱም መከፈትና መዘጋቱ ተፈጥሮው ነው። ከ1 እስከ 3 ዲግሪ መንገድ፣ በየጊዜው አንድ ዓይነት ከሆነ፣ ተዉት። በገመድ ላይ እንዲሄድ ማስገደድ እጅን ያጠብቃል፤ ደረጃ 2ን መልሶ ያፈርስባችኋል።

ሎፍት ግን ይታያል። አብዛኛው ፓተር ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ነው የሚሠራው። ደረጃ 1 ላይ የጻፋችሁት ከፍታ ከ70 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ (1 ዲግሪ) እጃችሁ ከኳሷ ቀድሟል፤ ኳሷ ወደ ሣሩ ተጫና ትዘላለች። ከ350 በላይ ከሆነ (5 ዲግሪ) እጃችሁ ኋላ ቀርቷል፤ ኳሷ ተነስታ ትወርዳለች። ኳሷ መጀመሪያ ትንሸራተታለች፤ ያለ ሽክርክሪት ከተነሳች ሙሉ በሙሉ መንከባለል የምትጀምረው ፍጥነቷ ወደ 5/7 ሲወርድ ነው። ኳሷ በዘለለች ቁጥር የዚህ መንሸራተት ርቀት ይለያያል። እጀታውን 2 ሳንቲ ሜትር ወደፊት ወይም ወደ ኋላ አንቀሳቅሱና በሌዘሩ ዳግም ለኩ።

## ሴንሰር ካላችሁ

እጀታው ጫፍ ላይ የሚገጠም ትንሽ ሴንሰር ጉድጓዱን አያይም። የሚለካው ከቆማችሁበት አንጻር ነው። 2 ዲግሪ ወደ ቀኝ አነጣጥራችሁ ወደዚያው ብትመልሱት «0» ብሎ ያመሰግናችኋል። በቴምፖና በፊት መዞር እመኑት፤ በማነጣጠር ላይ መስታወቱን እመኑ። በድምፅ ሞገድ የሚሠራው ሳም ፓትላብ ዒላማ ተሰጥቶት ስለሚስተካከል ማነጣጠርንም ያሳያል፤ ኩዊንቲክ ደግሞ በፈጣን ካሜራ የኳሷን አነሳስና አንከባለል ይለካል። በእነዚህ የመለካት ዕድል ካገኛችሁ ሪፖርቱን ተቀብላችሁ ከሁሉ አስቀድሞ የማነጣጠርና የፊት ቁጥሮችን፣ ከጎናቸውም መደጋገሙን የሚያሳየውን አንብቡ።

## ሜዳ ላይ ማረጋገጥ

1. አሉሚኒየሙን ይዛችሁ ሂዱ። ግሪኑ ጠርዝ ደልዳላ ቦታ ላይ፣ በቤት ባደረጋችሁት ከፍታና ምልክት፣ በሁለቱም አቅጣጫ 3 ጊዜ ልቀቁና አማካዩን ያዙ። ምንጣፉ ላይ 2 ሜትር ሄዳ እዚህ 1.6 ከሄደች፣ የግሪኑ 2.4 ሜትር የምንጣፉን 3 ሜትር ጉልበት ይጠይቃል። በክረምት ሣሩ ሲርስና ሲወፍር ልዩነቱ ይሰፋል፤ በየሄዳችሁበት ቀን ለኩ።
2. ካዲውን (ዱላ ተሸካሚ ረዳታችሁን) «ወንድሜ፣ ከኋላዬ ቁምና በየት በኩል እንደተነሳች ብቻ ንገረኝ፤ ገባች አልገባች ተወው» በሉት። በ10 ኳስ ውስጥ የእሱን ቃልና የእናንተን ግምት ጎን ለጎን ጻፉ።
3. ኳሷ ባሰባችሁት መስመር ተነስታ፣ ርቀቷም ደርሶ፣ ግን ካልገባች ምታችሁን አትንኩ። ስህተቱ ተዳፋቱን ማንበብ ላይ ነው፤ ያንን ካዲው ከማንኛውም ሴንሰር በላይ ያውቀዋልና ጠይቁት።
4. የፓተሩን እጀታ ካስለወጣችሁ፣ ርዝመቱን ካስቆረጣችሁ ወይም ለሦስት ሳምንት ካልተጫወታችሁ ወደ ሌዘሩ ተመለሱና 10 ማነጣጠር ለኩ። 35 ሚሊ ሜትሩን ካለፈ ከደረጃ 1 ጀምሩ።